የተወለወለው ተጎታች

ግንቦት 13፣ ማምሻ

ጀልባዋ ዛሬ ገባች። ሾፌራችን ካሳሁን ከአዲስ አበባ ጀምሮ በፒክአፑ ጎትቶ አመጣት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር የጭነት መኪና ሾፌሮች እየሳቁ መብራት ሲያበሩበት ነበር አለን። እዚህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ደግሞ ባጃጆች እስከ ግቢያችን በር አጅበዋታል።

ከጀልባዋ ይልቅ የሰው ዓይን ያረፈው የተጫነችበት ተጎታች ላይ ነው። ከጎማዎቹ በላይ ሁለመናው አልሙኒየም። ጥበቃው ሳይቀር መጥቶ በጣቱ አንኳኳው።

የጎርፍ አደጋ ማስተባበሪያችን ኃላፊ አቶ አሰግድ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ሾላ ማዶ የሚባለው መንደር በየክረምቱ በሁለት ወንዝ ሲከበብ ዳር ቆሞ ማየት ዘንድሮ ያበቃል አሉ። ከዚያ ንብረቱን ማን ይረከብ የሚለው መጣ። ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ ካሳሁን፣ «ብሥራት እያለ ምን ያስጨንቃል? የባሕር ዳር ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ። ሰዉ ሳቀና ተስማማ። እኔም ሳቅሁ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁት ከሐይቁ ርቆ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ጀልባ ላይ የወጣሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ በተማሪ ቤት ጉዞ ነው፤ እሱንም አስመልሶኝ ሁሉም ስቆብኛል። ዋና አልችልም። ይህን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ፤ ሰዎቹ ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር። ግን እዚህ ከመጣሁ በሁለት ዓመቴ ገና ዛሬ ሰው እንደሚፈለግ ሰው አየኝ። ፈረምኩ።

ግንቦት 17

ከተጎታቹ ጋር የእንግሊዝኛ መመሪያ መጥቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬን ዘግቼ አነበብኩት። ስለ መወልወል ያለውን ተረድቻለሁ፤ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ብዙ ውሃ። ቀጥሎ ስለ ጎማው እምብርት ይላል፤ ጋራዦች ሞዞ የሚሉት፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት። ጎማው ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር ሞዞው ተከፍቶ መታየት፣ መድረቅና እንደገና ግራሶ መቀባት አለበት። ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አየሁት። መፍቻዎቹን በስማቸው እንኳ አላውቃቸውም።

ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ፤ መዝገብ አሰመርኩ። እጥበት፣ የጎማ ነፋስ፣ ቡሎን፣ ግራሶ፣ ፊርማ። በየሳምንቱ የሚሞላ። አቶ አሰግድ አይተውት፣ «እንዲህ ነው ሥራ» ብለው ለሌሎቹ አሳዩ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

ግንቦት 24

የመጀመሪያው ሳምንት። አጠብኩት፣ ነፋሱን አስለካሁ፣ ቡሎኖቹን በእጄ ነካካሁ። ግራሶ የሚለው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ተጎታቹ አዲስ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ተቀብቶ ነው የሚወጣው። ውሃም ገና አልነካውም። ራይት አደረግኩ።

ውሸት አይደለም። ግራሶ አለው።

ሰኔ 3

ከነገ ወዲያ ጀልባዋን ከሰጡን ለጋሾች ሰዎች ይመጣሉ። ተጎታቹ ከመንገዱ ሬንጅና አቧራ ጠጥቶ ፊቱ ጠቁሯል። በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ ጸዳ እንጂ አላበራም። አቶ አሰግድ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ፊታችንን ማየት አለብን በሱ» አሉ።

የጽዳት ሠራተኛችንን እትዬ የሺን ጠራሁ። እዚህ ቀወት ገጠር ውስጥ ነው ቤታቸው፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግራቸው ይመጣሉ። የቢሮው ድስትና ጀበና እንኳ በእሳቸው እጅ መስተዋት ነው። «እንደ ድስት በአመድና በሎሚ ቢታሽ አያበራም?» አልኳቸው።

ዞረው ዞረው አዩት። «ያበራል ልጄ። ግን ድስት ወዲያው በውሃ ይለቀለቃል። ይሄ ስንጥቁ ብዛቱ፤ አመዱ ገብቶ ይቀርበታል። አመድ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ሲያድር አልሙኒየም ይበላል፤ ድስት ስንቴ አጥቁሮብኛል።»

«ችግር የለውም፣ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳቸው።

አመዱን ከቤታቸው በፌስታል ይዘው ሊመጡ ነው።

ሰኔ 5

እንዴት አበራ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን አያስከፍትም። እትዬ የሺ ትናንት ሙሉ ቀን ተንበርክከው ነው የዋሉት፤ በድስት ሽቦ እያሹ፣ የጣታቸው ጫፍ እስኪነጣ። ሲመሽ የቧንቧ ውሃ ሄደብንና ማለቅለቁ ለዛሬ ጠዋት ቀረ። ጠዋት ደግሞ እንግዶቹ ቀድመው ደረሱ፤ ከላይ ከላይ አፈሰስንበት።

ወንዙ ድረስ ወሰድነው። ካሳሁን በኋላ ማርሽ ወንዙ ወዳቆረው ኩሬ አስገባውና ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ጠለቁ። ጀልባዋ ተንሳፈፈች። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። እኔ መንሳፈፊያ ጃኬት ለብሼ ወንዙ ዳር ቆሜ እጄን እያወዛወዝኩ አዘዝኩ። ምን እያዘዝኩ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

በዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ጣሪቅም ሊያዩ መጥተው ነበር። ሰዉ ሲበተን ቀስ ብለው ወደኔ መጡ። «ማሻአላህ፣ ያምራል። ግን ልጄ፣ ሲሽከረከር የመጣ ብረት ትኩስ ነው። ትኩስ ብረት ውሃ ሲነካ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ዛሬውኑ ሞዞው ይከፈት። ከከበደህ አምጣው፣ አብረን እንከፍተዋለን።»

አጠገባችን ካሳሁን ቆሟል። «እናውቃለን ጋሼ» አልኩ።

እናውቃለን። ማን ነው እኛ?

ሰኔ 10

በተጎታቹ መገጣጠሚያዎች ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል። አንዳንድ ቦታ ጥቁር ነጥብ። በጣቴ ጠረግሁት፣ ተመልሶ መጣ። ሸራውን አለበስኩት። ለእትዬ የሺ አልነገርኳቸውም።

መዝገብ፦ ራይት፣ ራይት፣ ራይት፣ ራይት።

ሰኔ 25

ዛሬ ቆርጬ ነበር የተነሳሁት። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ጣሪቅ ጋራዥ ሄድኩ። ልናገር ያሰብኩትን በመንገድ ላይ ተለማመድኩት፤ «ጋሼ፣ እኔ ይሄን ነገር አልችልበትም» ነው፣ አራት አምስት ቃል ነው። ስደርስ ካሳሁን በር ላይ ተቀምጦ ጎማ ያስጠግናል። «የባሕር ዳሩ ካፒቴን መጣ» አለ፤ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ በፍቅር ነው የሳቁት። ምን ልትፈልግ መጣህ ሲሉኝ ማንጎ ልገዛ እያለፍኩ ነው አልኩ።

ማንጎውን ገዛሁ። ቤት ውስጥ እየበሰበሰ ነው፤ ሽታው ያስጠላኛል።

ሐምሌ 9

ከሰዓት በኋላ ደብረ ሲና ላይ ሰማዩ ከሰል መስሏል። እዚህ ግን ፀሐይ ናት፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። የዚህ አገር ሰው ከራሱ ሰማይ ይልቅ የላዩን ሰማይ ነው የሚያየው። ዝናቡ እዚያ ይዘንባል፣ ጎርፉ እዚህ ይመጣል።

ካሳሁን ተጎታቹን ከግቢው ጥግ ወደ በሩ ሲያስጠጋ የግራው ጎማ ጭርር የሚል ድምፅ አወጣ። ወርዶ አዳመጠ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ስለቆመ ነው፤ ሲሄድ ይለቃል።»

«አንተ ካልክ» ብሎ ጥሎት ሄደ። ተከራክሮኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይከራከረኝም?

ሐምሌ 16

ራይት። እጄ ራሱ ለምዶታል፤ ሳላስብ ይፈርማል።

ሐምሌ 19

11፡30 ንጋት። ስልክ። ሾላ ማዶ ተከብቧል። ጣሪያ ላይና ዛፍ ላይ ሰው አለ። ካሳሁን እየመጣ ነው። ቦቲ ጫማዬ የት ገባ። ጭርታው። በዚህ መንገድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አምላኬ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ።

ሐምሌ 19፣ ማምሻ

ሰዎቹ ሁሉም ወጥተዋል። አሥራ ዘጠኝ ነፍስ። ይህን መጀመሪያ ልጻፍ።

ስምንት ኪሎ ሜትር ነው የሄድነው። አስፋልቱን ለቀን ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ ጭርታው ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ብረት ሸተተን። ካሳሁን አቁሞ ሲያይ የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ዘምሟል፣ ከመሀሉ ጭስ ይወጣል። በክሪክ አነሳነው። ጎማው በእጅ አይዞርም፤ ነክሶ ይዞታል። ካሳሁን ወደኔ ዞሮ፣ «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አለኝ። አብረውን የመጡት ሌሎቹም ዞሩ። እኔ ከመንገዱ ዳር ወዳለው የማሽላ እርሻ ዓይኔን አዞርኩ። እስከ ዛሬ ሲጠብቁኝ የነበረው ለዚህች ደቂቃ ነበር፤ እኔ መፍቻ እንኳ በየትኛው በኩል እንደሚዞር አላውቅም።

የአካባቢው ሰው መጣ። ማንም ሳያዘው ጀልባዋን ከተጎታቹ አውርዶ ተሸከማት። ሠላሳ ሰው ይሆናል፤ በጭቃው ውስጥ ትከሻ እየተቀያየሩ። ሞተሩን ለብቻ ፈትተው በአጣና አስረው ሁለት ሰው ያዘው። ከፊት የያዘው ዓለሙ የሚባል ገበሬ ነው፤ ወንድሙ ከነልጆቹ ማዶ ጣሪያ ላይ ስለነበር ለማንም አልለቅም ብሎ ነው። እኔ የቤንዚን ጄሪካን ነበር የያዝኩት። የከበደኝ መስሎኝ ነበር።

ወንዙ ሊታይ ሲቃረብ ዓለሙ ተንሸራተተ። ሞተሩ ከነአጣናው ጭኑን ስቶ ቅልጥሙ ላይ አረፈበት። ድምፁን ሰማሁት። እሱ ግን አልጮኸም፤ «ውሰዱት፣ ውሰዱት፣ ቁሙ አላልኩም» ነበር የሚለው።

ጀልባዋ ውሃ የነካችው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዎቹን ያመላለሱት አብረውን የመጡት ናቸው፤ እኔ ዳር ቀረሁ። በጎማ ብትሄድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትደርስ ነበር። ዓለሙን በካሳሁን መኪና ወደ ላይ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ላኩት። ባለቤቱ ፀሐይ መኪናው ኋላ ላይ ጭንቅላቱን ይዛ ተቀመጠች። ወደኔ አየችና፣ «እግዜር ይስጥልን፣ እናንተ ባትኖሩ ምን እንሆን ነበር» አለች።

ሐምሌ 21

ተጎታቹን ጋሼ ጣሪቅ አስነስተው ጋራዣቸው አስገቡት። ጠርተውኝ ሄድኩ። ሞዞውን ከፍተውታል። ከውስጡ የወጣውን በቆርቆሮ አስቀምጠውልኛል፤ ቡናማ ውሃ፣ የተፈጨ ብረት፣ የተሰባበረ ኩሽኔታ። ግራሶ የሚባል ነገር የለም።

«መቼ ነው ግራሶ የታየው?» አሉኝ።

«መዝገቡ ላይ አለ።»

ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «መዝገቡን አይደለም የጠየቅሁህ፣ ብሥራት።»

ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ ወጣሁ።

ሐምሌ 23

ሪፖርት ተጠየቀ። አቶ አሰግድ ጋራዡ ድረስ ሄደው ተጎታቹን በውጭ በኩል ዞሩት። ሸራው ተገልጦ ነበር። አልሙኒየሙ ተቦርቡሯል፣ ነጭና ጥቁር ሆኗል፤ ላየው ሰው በሽታ የያዘው ይመስላል። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ከዚያ አስታወሱና ፊታቸው ፈካ። «አመዱ። በአመድ ማን ነበር ያጠበው?»

አሁን የጻፍኩትን ቀስ ብዬ እንደገና እያነበብኩት ነው። ማን ነበር ያጠበው ነው ያሉት። ማን አዘዘ አላሉም።

«እትዬ የሺ ናቸው ያጠቡት» አልኩ።

አንድም ውሸት የለበትም።

ሪፖርቱን እኔው ጻፍኩት፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ። «የጽዳት ሠራተኛዋ ተገቢ ያልሆነ የማጽጃ ቁስ በመጠቀሟ በብረቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ጎማው ነክሷል።» ሪፖርት ላይ እትዬ አይባልም፤ አንቱታም የለም። ሠራተኛዋ የሚለውን ስጽፍ ሌላ ሰው መሰሉኝ፣ ቀለለኝ። አባሪ፦ በአግባቡ የተሞላ የጥገና መዝገብ።

ሐምሌ 26

እትዬ የሺ ከሥራ ተሰናበቱ። ሊሰናበቱኝ ቢሮዬ ገቡ። ሽርጣቸውን አጥበው አጣጥፈው ይዘዋል፤ ንብረት ክፍል እኔ ነኝና ለኔ ነው የሚመለሰው።

«ልጄ፣ ሌሊቱን ሳስበው ነበር» አሉ። «እንደሚበላ እያወቅሁ ነው እኮ የነካሁት። አንተማ የባሕር አገር ልጅ ነህ፣ የጀልባውን ታውቃለህ፤ የአመዱን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ውሃው ቢሄድ ከወንዝ ቀድቼ ማለቅለቅ ነበረብኝ። የሰውየውን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«እንደሱ አይበሉ» አልኳቸው። ሌላ የምጨምረው ያለ መስሏቸው ትንሽ ቆሙ። ሽርጡን ተረክቤ ፈረምኩላቸው።

ሐምሌ 30

የዓለሙ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ካሳሁን ነው የነገረኝ። ምሳ አልበላሁም። ማታ ግን በላሁ።

ነሐሴ 7

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ። «የድስት አመድ ይዛ የመንግሥት መኪና የምታጥብ።» «የዓለሙን እግር ያስቆረጠችው?» «እሷ። ፍልሰታን እንኳ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። የነፀሐይ ዘመዶች ዓይናችን አያያት ብለዋል።»

ከቦታዬ ቀድሜ ወረድኩ። ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ፣ በዚያ ሙቀት።

ሁለት ዓመት ያህል በየጠዋቱ ጠረጴዛዬን የወለወሉ ሴት ናቸው። ልጅ እንዳላቸውና እንደሌላቸው እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ነሐሴ 13

ጋሼ ጣሪቅ ከመስጊድ ሲወጡ መንገድ ላይ ገጠሙኝ። ሰላምታዬን ተቀብለው እጄን አልለቀቁትም።

«አመድ ሞዞ ውስጥ አይገባም» አሉኝ። «ፊቱን ነው የበላው። ጎማውን የያዘው ውሃ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማወቅህን አውቃለሁ። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። የሚጠይቁት መዝገብህን ነው። እኔ ሄጄ ብናገር ሴትዮዋ ነፃ ትወጣለች፤ አንተስ በምን ትወጣለህ? ትንሽ ቀን እየታገስኩህ ነው። አላህ ያበርታህ።»

ከዚያ እንደ ልጅ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

እትዬ የሺ ሽማግሌ ልከዋል አሉ። ፍልሰታ ሲፈታ ዓለሙ ደጅ ሄደው ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በራሳቸው።

ነሐሴ 18፣ ጠዋት

አቶ አሰግድ መሥሪያ ቤቱን ወክለህ ዕርቁ ላይ ተገኝ አሉኝ። «አንድ ሁለት ቃል ተናገር፣ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋ።» እሺ አልኩ። እዚያ እናገራለሁ። ድንጋዩን ገና ሳይሸከሙ፣ እንደደረስኩ። በሽማግሌዎቹ ፊት መሆኑ ይሻላል። ወስኛለሁ። ሸሚዜን ተኩሻለሁ።

ነሐሴ 18፣ ማምሻ

እንደሆነው ልጻፈው።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ገብረሚካኤል የሚባሉት ትልቁ ሰው ብድግ ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ለመሥሪያ ቤት ሰው ተብሎ የተዘረጋ ቁርበት ነበር። ዓለሙን ከነአልጋው አውጥተውት ጋቢ ለብሷል። ጋቢው በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ይታያል። ባለቤቱ ፀሐይ ከራስጌው ተቀምጣለች። ልናገር አፌን ስከፍት አቶ ገብረሚካኤል ጸሎት ጀመሩ። ጸሎቱ ሲያልቅ፣ «ትምጣ» ተባለ።

እትዬ የሺ ከጎረቤት ግቢ ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ ነው፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ትንሽ ድንጋይ አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ከዓለሙ አልጋ ፊት ወደቁ። «በድያችኋለሁ» አሉ። «በማላውቀው ነገር እጄን አስገብቼ የልጃችሁን እግር አሳጥቻለሁ። ስለ ማርያም ብላችሁ ማሩኝ።»

ዝምታ ሆነ። ዝምታው ለኔ ነበር፤ የፈለግሁትን ያህል ረጅም ነበር።

ፀሐይ ፊቷን አዞረች። ዓለሙ ግን እጁን ዘረጋ። «እኔ ምሬያለሁ። አውርዱላቸው፣ ትልቅ ሴት ናቸው።»

አቶ ገብረሚካኤል ወደኔ ዞሩ። «አንተ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ የተበላሸው ንብረት የናንተ ነው። እናንተም ተበድላችኋልና አንተ አውርድላትና ይቅር በላት።»

ተነሳሁ። እግሬ አልተንቀጠቀጠም። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሳሁ፤ በላባቸው ርሷል፣ ሞቋል። ቆዳቸው ላይ አፈርና ቀይ ምልክት ቀርቷል። ድንጋዩን እንደያዝኩ ሁሉም ያየኛል። አሁን ነው አልኩ ለራሴ። አሁን ነው።

«ይቅር ብለናል» አልኩ።

ድምፄ ጥሩ ነበር። አሜን ተባለ። እትዬ የሺ ጉልበቴን ሳሙ። ከዚያ ንፍሮና ጠላ ቀረበና ከሽማግሌዎቹ ጋር በላሁ፣ ጠጣሁ። ስመለስ አቶ ገብረሚካኤል መንገድ ድረስ ሸኙኝ፤ ወጣት ሆነህ አስተዋይ ነህ አሉኝ።

ነሐሴ 19

ይቅር ብለናል።

ነሐሴ 20

ሥራ አልገባሁም። አሞኛል አልኩ። አላመመኝም።

ነሐሴ 25

ጋራዥ ሄድኩ። ካሳሁንም፣ ሌሎችም ነበሩ። ወደ ጋሼ ጣሪቅ ቀጥ ብዬ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ሞዞ መክፈት አልችልም። ችዬ አላውቅም። ያሳዩኝ» አልኩ። ካሳሁን ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው።

የቀኝ ጎማው አልተነካም ነበር። ክሪኩን፣ መፍቻውን፣ ክዳኑን በየተራ አሳዩኝና ቀሪውን በገዛ እጄ አስከፈቱኝ። የቀኙም ዝጎ ነበር። ጠረግሁት፣ አደረቅሁት፣ ኩሽኔታውን በመዳፌ ላይ ግራሶ እየጨመቅሁ ሞላሁት፣ መለስኩት። ጎማው በአንድ ጣት ዞረ።

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሃያ ደቂቃ ነበር።

ነሐሴ 27

አዲስ ሪፖርት ጽፌ ከመዝገቡ ጋር ለአቶ አሰግድ ሰጠሁ። ግራሶ የሚለው ላይ ያሉት ራይቶች በሙሉ ሐሰት መሆናቸውን፣ አመዱን ያዘዝኩት እኔ መሆኔን፣ ጎማውን የያዘው ግን አመድ አለመሆኑን። አንብበው በሩን ዘጉ።

«ይሄ ለማን ይጠቅማል? ታርቀዋል። ተዘግቷል።»

«እትዬ የሺ ሥራቸውን አጥተዋል።»

«ጳጉሜን ካለፈ በኋላ በሌላ ሥራ እንቀጥራታለን። አንተ ግን ትባረራለህ፣ ትከሰሳለህም። ባሕር ዳር ምን ብለህ ነው የምትገባው?» ወረቀቱን ወደኔ ገፉት።

ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ኮፒውን ለበላይ ቢሮ በፖስታ ልኬዋለሁ። ከዚህ በኋላ እሳቸው የሚዘጉት አይደለም። ደፋር የሆንኩ እንዳይመስለኝ እዚህ ልጻፈው፦ ወረቀት መላክ ቀላሉ ነው።

ጳጉሜን 2

ጠዋት ወደ እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። አንድ ሰዓት በእግር። በየቀኑ የሚመጡበትን መንገድ ዛሬ ገና አየሁት፤ ሁለት ቦታ ጅረት ያቋርጣል።

ደጃቸው ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። ሲያዩኝ ደንግጠው ተነሱ፣ ዱካ አወጡልኝ። አልቀመጥም አልኩ፤ ከተቀመጥኩ ስለ ክረምቱ እናወራለን፣ ከዚያ ተመልሼ እሄዳለሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ጀልባ እንደማላውቅ። መዝገቡን። ጋሼ ጣሪቅ ያሳዩኝን ቆርቆሮ። ሪፖርቱን በማን እጅ እንደተጻፈ። ሁሉንም አልኩ፣ ምንም አላስቀረሁም።

ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሰሙኝ።

«ታዲያ አመዱ?» አሉ ስጨርስ።

«አመዱ አይደለም። ፊቱን ብቻ ነው ያበላሸው። እሱንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ አይደለሁማ?»

«እርስዎ አይደሉም።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ፍልሰታን ሙሉ አልቆረብኩም» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ማሽላውን እንደገና ማበጠር ጀመሩ። ዓለሙ ጋ ዛሬውኑ እንደምሄድ፣ ለሽማግሌዎቹም እንደምናገር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መሥሪያ ቤቱ ሥራቸውን እንደሚመልስላቸው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስንበረከክ እጃቸው ቆመ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ድንጋዩን ስታወርድልኝ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኳቸው።

ሰፌዱን አንስተው ወደ ቤት ገቡ። እስከ ቀትር ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ አልወጡም።